ሠላሳ ፎቶ ከአንድ ንክሻ

ውሸት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። መብታችሁ ነው። እኔ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ በመስኮቱ ቦግ ብላ ገብታለች። ቦታው የሆስፒታል አስከሬን ምርመራ ክፍል ሲሆን፣ እኔ እዚያ የቁስል ፎቶ አንሺ ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ በመዶሻ ተቀጥቅጣ የተገደለች ሴት ተኝታለች። ፊቷ ፊት አይደለም። ትከሻዋ ላይ ግን የገዳዩ ንክሻ ቀርቷል።

ባሏ ተይዟል። ንክሻው ከጥርሱ ጋር ካልተመሳከረ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተፈትቶ ወደ ሁለቱ ልጆቿ ይመለሳል።

"የእያንዳንዱ ጥርስ ጠርዝ ይታየኝ፤ አደራ" አለችኝ አስከሬኑን የምትመረምረው ሐኪም።

ሁለት ሌንስ አለኝ፤ ባለ ስድሳና ባለ መቶ ሚሊሜትር። ባለ ስድሳውን መረጥኩ። ሻጩ "ይበቃሃል" ብሎኝ ነበር። እሱ ምን አለበት፣ አበባ ነው የሚያነሳበት። እኔ ሬሳ ላይ አራት ጣት ያህል እስኪቀረኝ ልጠጋ ነው።

እንዲህ ያለ ፎቶ አንዴ ቀጭ አድርገውት አያልቅም። ካሜራውን በትንሽ በትንሹ እያስጠጋሁ ሠላሳ አነሳለሁ። ከየፎቶው የጠራው ቦታ በኮምፒውተር ተለቅሞ አንድ ፎቶ ይሆናል። በመሀል የተንቀሳቀሰ ነገር ካለ ይደበዝዛል።

ደበዘዘ...

ቆዳዋ፣ ፀጉሯ፣ ሁሉም ጥርት ብሏል። ንክሻው ብቻ ነው የደበዘዘው።

ሌንሱን ረገምኩ። ስንዝር የሚያርቀኝን ባለ መቶውን ገጠምኩና እንደገና ሠላሳ አነሳሁ።

አሁንም ንክሻው ብቻ...

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ላይ የስድስት ጥርስ ምልክት አለ። አሥረኛው ላይ ስምንት ሆኗል። ሃያኛው ላይ ሥጋው ተተርትሯል።

ሠላሳኛው ላይ ትኩስ ደም ይወርዳል። የሞተ ሰው እኮ አይደማም።

ፈራሁ። አላፍርበትም።

"ዶክተር... ነክተዋታል እንዴ?"

"ማን ይነካታል? ድምፅህን ቀንስ።"

"እየነከሳት ነው..."

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። የሟቿን ባል የያዘው መርማሪ ፖሊስ ነበር፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል።

"ሰውዬው በገዛ እጁ ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰው። እንዳይመሳከር ብሎ ይመስለኛል። አፉ ደም ብቻ ነው።"

"ጥርሶቹን ሰብስቡልኝ" አለች።



"የሉም... የታሰረበትን ክፍል አበጠርነው። አንድም የለም።"

ወደ ካሜራው ዞርኩ። ባለ መቶው ሌንስ አሁንም ንክሻው ላይ እንዳነጣጠረ ነው። አሁን ምስሉ ጥርት ብሏል።

ከቁስሉ ውስጥ፣ ሥጋዋን ወደ ላይ እየገፋ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ጥርስ ብቅ አለ።

ከጎኑ ሌላ...