የተቆለፈ ትንፋሽ

በዚያ ቤት የሚኖሩት አናጢው፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱና በጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል ሲሠሩ ፀጉራቸው የሸበተው አዋላጅ እናቱ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ደጋግማ አርግዛ ደጋግሞ ስላስወረዳት፣ ስለዚህኛው ፅንስ ለረጅም ጊዜ ጮክ ብሎ ያወራ አልነበረም። ሆዷ ገፍቶ ከስፌት መኪናው ጋር መጋፋት ሲጀምር ግን ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «እንግዲህ ከሁለት አንዱን ምረጪ፤ ወይ መኪናውን ወይ ልጁን!» ይላታል ባሏ። «አንተ ለጤና ጣቢያው ቁምሳጥን ስትጠርብ ልጅህ ተወልዶ ይዳራል!» ትለዋለች።

ቁምሳጥኑን ያሠሩት እናቱ ነበሩ። ሳይተነፍስ ለሚወለድ ሕፃን አየር የሚገፋው፣ በእጅ የሚጨመቀው የመተንፈሻ ከረጢት ከማዋለጃው ክፍል አንዴ ለሌላ ክፍል በውሰት ሄዶ በዚያው ቀልጦ ቀርቷል። አዲሱ ሲመጣ አዋላጇ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ «ይቆለፍበት!» ብለው ወተወቱት። አናጢውም ከጠንካራ እንጨት ሠርቶ፣ በሩን በላሜራ ለብጦ አስረከበ። «ሌባ ቢመጣ ደክሞት እዚያው ይተኛል» እያለ ይኩራራ ነበር። ኃላፊው ያለችውን አንዲት ቁልፍ ከራሱ መኪና ቁልፍ ጋር አሰራት። የሚፈለግ ነገር ሲኖር ቢሮው ተሂዶ ይጠራል፤ መጥቶ ይከፍታል፤ መልሶ ይቆልፋል። አሠራሩ ይህ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ትልቁ ሆስፒታል መውለድ ፈልጋ ነበር። «እኔ እያለሁ በማታውቂው ሰው እጅ?» አሏት አማቷ። «ልጄ፣ እኛም ጋ አሁን ሁሉ ነገር ተሟልቷል።» አመነቻቸው። እንዴትስ አታምናቸው?

ምጡ በጠዋት መጣ። አዋላጇ የሚያስፈልጋቸውን ሲያሰናዱ አንዲት ወጣት ነርስ ቁምሳጥኑን እንዲከፍት ኃላፊውን እንድትጠራ ላኩ።

«የለም» አለች ተመልሳ። «ስብሰባ ሄዷል። የእናቶችና የሕፃናት አገልግሎት ጥራት ማሻሻያ ስብሰባ።»

«ስልኩስ?»

«ዝግ ነው። ቢሮ ያሉት አሁን ይመጣል ብለዋል።»

ምጡ ጥሩ እየሄደ ነበር፤ የፅንሱም የልብ ምት ጥሩ ነበር። አዋላጇ «ከመውለዷ በፊት ይደርሳል» አሉ። ያን ጊዜውኑ ቁምሳጥኑን ቢያሰብሩት ኖሮ! ግን ማን ነው በደህና ቀን የመንግሥት ንብረት የሚሰብረው?

ሴት ልጅ ተወለደች። አላለቀሰችም። አያቷ ጠራርገው አደረቋት፣ ጀርባዋን አሹ፣ አፏን አጸዱ... ምንም! ልቧ ከጣታቸው ሥር ይመታል፤ ደረቷ ግን አይነሳም። አፏ ላይ ፋሻ ጣል አድርገው አፋቸውን ገጥመው ትንፋሻቸውን ሰጧት። በር ላይ የቆመው አናጢ የልጁን ድምፅ ሲጠብቅ የሰማው የእናቱን ጩኸት ነበር። «ልጄ! ስበረው! ቁምሳጥኑን ስበረው!»

የጉሉኮስ መስቀያውን ብረት ነጥቆ መታው። ላሜራው ሰረጎደ እንጂ አልተከፈተም። ደግሞ መታው። ምን ዓይነት እጅ ነው እንዲህ አጥብቆ የሠራው? የገዛ እጁን እየረገመ፣ መዳፉ እየደማ፣ ማጠፊያውን ፈንቅሎ በሩን ገነጠለው። ከረጢቱ ሲደርስ የሕፃኗ ልብ ዝግ ብሎ ነበር። አያቷ እየጨመቁ አየር ገፉላት። ከንፈሯ ትንሽ ቀላ፤ አንዴ አቃሰተች፤ እናቷም «አለች! ልጄ አለች!» ብላ ተጣራች... ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ ግቢው ሲገባ ግን የምትወሰድ ልጅ አልነበረችም።

ኃላፊው አመሻሽ ላይ መጣ። የተገነጠለውን በር አየና አንገቱን ደፋ። «በጣም አዝናለሁ... ተጨማሪ ቁልፍ እናስቀርፃለን» አለ።

«ለማን?» አለው አናጢው። «ለማን ነው የምታስቀርፀው?»

ልብስ ሰፊዋ ቤት ከገባች ወዲህ አማቷን አላናገረችም። ለባሏ ብቻ፣ «ወይ እሳቸው ይውጡልኝ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አለችው። እሱ ምን ይበል? የወለደችውን ያስወጣ ወይስ የወለደችለትን? አዋላጇ ይህን ሰምተው ልብሳቸውን በሻንጣ መክተት ጀመሩ። እኒያ ስንቱን ሕፃን የተቀበሉ እጆች የሻንጣውን ዚፕ መዝጋት አቃታቸው። በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ምራታቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ቀሚሷ ደረቷ ላይ ርሷል።

«እማማ...» አለች። «ወተቱ መጣ። ምን ላድርገው?»

አሮጊቷ ተነሱ። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረው አመጡ፤ አስተኝተዋት፣ ድንጋይ የመሰለውን ጡቷን ቀስ ብለው ሸፈኑላት። ሁለቱም ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ረጅም ጊዜ አለቀሱ።

«ለምን አስቆለፉት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እንዳይጠፋብን ብዬ ነው፣ ልጄ... እንዳይጠፋብን ብዬ!»

ምራታቸው ጨርቁን የያዘውን እጃቸውን ይዛ አልለቀቀችውም። ሻንጣውም ያን ቀን ከቤት አልወጣም።

ሊያጽናና የመጣው ሰው ሁሉ «ዕድሏ ነው፣ ምን ይደረግ» ብሎ ሄደ። ምን ይደረግ? ስንት የሚደረግ ነገር ነበር! ሁሉን በዕድል አሳብበን እስከ መቼ እንቀብራለን? ዕድል ቁልፍ ኪሱ ከትቶ ስብሰባ አይሄድም!