የሃሮ ኮቭ ሁለተኛ ምርጫ

ዴልፊን ቲቦዶ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው ነበር እስክሪብቶውን የዘረጋችለት።

የኖቬምበር ምርጫ ቀን ነው። ውጭ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይወርዳል። ዴልፊን ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ከአንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ከጠዋት ጀምራ ቆማለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የባሕሩ ንፋስ ስለሚገባ ጣቶቿ ደንዝዘዋል። ድምፁን ሰጥቶ የሚወጣውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን እንድንመርጥ የሚፈቅድ ሕግ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ይፈርማሉ?»

«አባቴ ከኋላዬ ነው» አላት አንድ ቀስ ያለ ድምፅ። «አሁን ብፈርም ከጀልባው ያወርደኛል።»

ቀና አለች። ኤመት ክራውሊ ነው። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የጎማ ቦት አድርጓል፤ ፊቱን ንፋስና ጨው አቅልቶታል። ትምህርት ቤት ሳሉ በሁለት ክፍል ይበልጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንዲት ትንሽ ከተማ እየኖሩ አንድ ቀን ሰላም ተባብለው አያውቁም።

ምክንያቱን ሃሮ ኮቭ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የኤመት አባት ሃርላን ክራውሊ በዴሞክራት ፓርቲ ስም ለአሜሪካዋ የሜይን ግዛት ምክር ቤት ተወዳደሩ። የዴልፊን አባት ሮላንድ ቲቦዶም በግላቸው ገቡ። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ያጠመዱ ጓደኛሞች ናቸው፤ የሚሉትም ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ነበር። ክሊኒካችን አይዘጋ፣ ዓሣ አጥማጁ ከወደቡ አይባረር። ሮላንድ ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም። «ከተማው ውስጥ ሁለት ሱቅ ብቻ ካለና ሁለቱም የሻገተ ዳቦ ከሸጡልህ ሦስተኛ ሱቅ መክፈት ነው እንጂ ሌላ ምን ታደርጋለህ?» ይሉ ነበር።

የባሕር ዳርቻው ሕዝብ ድምፁን ለሁለቱ አከፋፈለው። ወንበሩን የሪፐብሊካን ፓርቲው ዕጩ ወሰደው። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ግን ከአሥር ሰው ስድስቱ አልመረጠውም። ክሊኒኩም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ሮላንድ «ድምፅ ሌባ» የሚል ስም ወጣላቸው። ሃርላን ስማቸውን መጥራት ተዉ። የግድ ሲሆንባቸው «ያ ሰውዬ» ይሏቸዋል።

«ፈርም ወይ እለፍ» አለችው ዴልፊን። «ሰልፉን ዘጋኸው።»

አለፈ። ሃርላንም ጠረጴዛዋን እንዳላየ ሰው ሆነው አለፉ።

በሩ ሊዘጋ ሲቃረብ ኤመት ብቻውን ተመልሶ መጣ። በእጁ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ይዟል።

«ቀኑን ሙሉ ምንም አልበላሽም።»

«በምን አወቅህ?»

«በመስኮቱ አየሁሽ።»

«ስንቴ?»

ጆሮው ቀላ። ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። «እስቲ አስረጂኝ። ለተማሪዎችሽ እንደምታስረጂው።»

«የሦስተኛ ክፍል ልጆች ካንተ ይፈጥናሉ።»

«ይሁን፣ እታገሳለሁ።»

ፈገግታዋን በሾርባው እንፋሎት ደበቀችው። «የምትወደውን ሰው አንደኛ ትለዋለህ። እሱ ካልሆነ ይሁን የምትለውን ሁለተኛ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ሰው ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይወድቃል። የመረጡት ሰዎች ድምፅ ግን አብሮት አይወድቅም፤ ሁለተኛ ወዳሉት ሰው ይሄዳል። ከግማሽ የሚያልፍ ሰው እስኪገኝ ድረስ እንዲህ እየተባለ ይቆጠራል።»

ኤመት ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ቆየ። «እንግዲያው ያኔ…»

«ያኔ ወይ ያንተ አባት ወይ የኔ አባት ይገቡ ነበር። ማንም ሌባ አይባልም ነበር።»

ኤመት እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ባዶ የፊርማ ወረቀት ካለሽ ስጪኝ። ጀልባ ማቆሚያው ላይ ያሉት ሰዎች ካንቺ ይሸሻሉ። ከኔ ግን የት ይሸሻሉ? ዙሪያው ባሕር ነው።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

በዚያ የብርድ ወቅት የኤመት አሮጌ ፒክአፕ ያልደረሰበት መንደር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው በር ያንኳኳሉ። ዴልፊን ስታስረዳ ነገር ታስረዝማለች፤ ኤመት ያሳጥረዋል። አንድ አጥማጅ «ይሄ ነገር ውስብስብ ነው፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ይበቃል» ብሎ ቢሞግተው፣ «አራት ዓይነት ቢራ በቅደም ተከተል ትጠራልኛለህ፤ ሦስት ሰው እንዴት ያቅትሃል?» አለው። ሰውዬው እየተሳደበ ፈረመ።

ኦፓል ሃስኪንስ የሚባሉ አሮጊት ደግሞ ሁለቱንም ወጥ ቤታቸው አስገቧቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«ዕድሜ ልኬን ድምፅ የሰጠሁት የምፈራው ሰው እንዳይመጣብኝ ነው» አሉ። «የምወደውን ሰው መርጬ አላውቅም። ይህ ወግ ሳይደርሰኝ እሞታለሁ ብዬ ነበር።» ፈረሙና ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። «እናንተስ፣ ባልና ሚስት ናችሁ?»

«አይደለንም» አሉ እኩል።

«ኧረ ተዉኝ እባካችሁ» አሉ ኦፓል።

መኪናው ውስጥ ገቡ። ኤመት ቁልፉን ይዞ አላስነሳውም። ዴልፊን ወደ መስኮቱ ዞራ በመስተዋቱ ነጸብራቅ ታየዋለች። እያየችው መሆኑ ገባው፤ ዘወር አላለም። ያን ቀን ተሳሳሙ። ሌሎች በሮች ሳይንኳኩ ቀሩ።

ፊርማው ሞላ። ጥያቄው በመላው ሜይን ለሕዝብ ድምፅ ሊቀርብ ቀን ተቆረጠለት። ችግሩ ግን በዚያው ቀን የሚደረገው የምክር ቤት ምርጫ የሚካሄደው በአሮጌው ሕግ መሆኑ ነው። የፓርቲው ሰዎች ሃርላንን እንደገና እንዲወዳደሩ ለመኗቸው። ሮላንድም እንደገና ሊገቡ ወሰኑ።

ኤመት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቃት። መኪናው ውስጥ እንደገባች፣

«አባትሽ ሊወዳደር ነው አሉ» አላት።

«አዎ።»

«መቼ ነገረሽ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ ዴልፊን።»

«እንዴት እንደምነግርህ ጨንቆኝ ነው።»

መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል። «እንዲተወው ንገሪው። አሁንም ድምፁ ለሁለት ከተከፈለ ያ ሁሉ ነገር ሊደገም ነው። አባቴ አንቺን በቤቱ ደጃፍ አያሳልፍሽም።»

«ለምን አባትህ አይተወውም?»

«አባቴ ፓርቲ አለው።»

«አባቴም ሐሳብ አለው። ኤመት፣ ያን ሁሉ በር ስናንኳኳ ምን ነበር የምንለው? ማንም ሰው አትወዳደር ተብሎ መለመን የለበትም አላልንም? አሁን ሄጄ የራሴን አባት ልለምን?»

«አንቺ የምትፈልጊው ትክክል መሆን ነው። እኔ የምፈልገው አንቺን ነው።»

«እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ» አለች። ወርዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሲተያዩ መንገድ ይለውጡ ጀመር። እኛም የከተማው ሰዎች ነገሩን አይተን አዘንን። አንድ ወንበር ሁለት ጊዜ ሰው ሲያጣላ ማየት ደስ አይልም።

ኤመት ወጥመዶቹን እየጠገነ ብዙ አሰበ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄዶ የቲቦዶዎችን በር አንኳኳ። ሮላንድ ራሳቸው ከፈቱለት።

«የሃርላን ልጅ» አሉ፤ ከደጃፉ ሳይነቃነቁ።

«አይወዳደሩ ልልዎ አልመጣሁም» አለ ኤመት። «ሁለታችሁም የዕጩነት ወረቀታችሁን ገና አላስገባችሁም። የክሊኒኩ ነርስ የነበረችው ቬርና ስታብስም ልወዳደር ነው እያለች ነው። የባሕር ዳርቻውን ሰው በሙሉ በአጥማጆች ማኅበር አዳራሽ እራት እንጥራው። ሦስታችሁን በቅደም ተከተል ይምረጥ። ያሸነፈው ይወዳደር፤ ሁለቱ ይርዱት። ሕጉ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን?»

«አባትህ እሺ አለ?»

«ገና አልጠየቅሁትም።»

ሮላንድ ሳቁ። ሳቃቸው ወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ዴልፊን ሁሉንም ሰምታለች፤ ኤመት ሲወጣ ካፖርት እንኳ ሳትደርብ ተከትላው ወጣች።

«እኔን ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣህ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺን ስለፈራሁ ነው በአባትሽ የጀመርኩት» አለ። «ያልሽው ትክክል ነበር። ሰው መለመን የለበትም።»

«እኔም ሰኞ ዕለት ልነግርህ ይገባ ነበር።»

የሱን ካፖርት አውልቆ አለበሳት።

ሃርላን ያለ ብዙ ክርክር እሺ አሉ። በትክክል ከተቆጠረ እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ነበሩ።

የእራቱ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በምድጃ ያደረ ቦሎቄ፣ ቡናማ ዳቦ፣ የፖም ፓይ ቀረበ። ክራውሊዎች በቀኝ፣ ቲቦዶዎች በግራ ተቀመጡ፤ ቬርና መሐል ሆና ለሁለቱም ወገን ቅቤ ታቀብላለች። ሕዝቡ ወረቀቱን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ኦፓልና ዴልፊን ሁሉም እያየ ቆጠሩ።

ሃርላን አንደኛ ወጡ። ሮላንድ በጥቂት ድምፅ ተከተሏቸው። ቬርና ሦስተኛ። ግማሹን ያለፈ ግን የለም። ቬርና ትከሻዋን ነቅንቃ ሳቀች፤ የሷ ወረቀቶች ሁለተኛ ተብለው ለተጻፉት ሰዎች ተደለደሉ። ኦፓል ጥቁር ሰሌዳው ላይ አዲሱን ድምር ጻፉ። ሮላንድ ቲቦዶ ግማሹን አለፉ።

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ሃርላንን ያያል። ኤመት ዴልፊንን አያት፤ ፊቷ ገርጥቷል።

«እስቲ እነዚያን የኔን ወረቀቶች አምጪልኝ» አሉ ሃርላን።

ዴልፊን ወስዳ ፊታቸው አስቀመጠችላቸው። ሃርላን አንድ በአንድ አገላበጡ። የእሳቸው ስም አንደኛ ነው። ሥሩ፣ ከወረቀት ወረቀት፣ ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈው አንድ ስም ነው። ሮላንድ።

«የኔ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት?»

«አዎ» አለች ዴልፊን። «የአባቴ ሰዎች ደግሞ ሁለተኛ ያሉት እርስዎን ነው። ቢፈልጉ ያንንም ላምጣልዎ።»

«አያስፈልግም።» ወረቀቶቹን አስተካክለው ደረደሩና ተነሡ። «ያን ጊዜ ተሰረቅሁ ብዬ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ አንገበገበኝ። ዛሬ ተሸነፍኩ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይሄኛው ያሳፍራል እንጂ አያቃጥልም።»

ወደ ግራው ጠረጴዛ ዞሩ።

«ሮላንድ» አሉ። «ቦሎቄው ሳይቀዘቅዝ ብላ። ገና ብዙ በር እናንኳኳለን።»

ሮላንድ ከጎናቸው የነበረውን ወንበር ሳቡላቸው። ሃርላንም ሄደው ተቀመጡ። አዳራሹ ያኔ ነው የተንጫጫው።

ኤመትና ዴልፊን ወጥ ቤቱ ውስጥ ሳህን እያጠቡ ነበር። እጇ በሳሙና አረፋ ውስጥ እንዳለ፣

«አግቢኝ» አላት።

እጇን ሳታወጣ ወደሱ ዞረች። «ሌላ ዕጩ አለ?»

«የለም።»

«አንድ ዕጩ ብቻ ያለበት ነገር ምርጫ አይባልም።»

«ታዲያ ልጥራልሽ? ውጭ ብዙ ወንድ አለ።»

«ተወው» አለች። አረፋ በነካው እጇ ፊቱን ያዘችው። «ሁሉም ቢሰለፉ ያው አንተን አንደኛ እልሃለሁ። ሁለተኛውን መስመር ባዶ እተወዋለሁ።»

የፓርቲው ሰዎች ከትልቁ ከተማ ደውለው ሃርላንን ተቆጧቸው። ሃርላን «የፈለጋችሁትን አቅርቡ፤ እኔ ለሮላንድ ቃል ሰጥቻለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ሌላ የሚያቀርቡት ሰው አላገኙም። ሠርጉ በመከር መግቢያ ተደረገ፤ እኛም ሁላችን ነበርንበት።

ከዚያ እስከ ምርጫው ድረስ ዴልፊን አማቷን በመኪና ይዛ በየመንደሩ ስትዞር ከረመች። አንዲት ሴት በር ከፍታ «ዕጩው እርስዎ ነዎት?» ብትላቸው፣ ሃርላን ኮፍያቸውን አውልቀው፣

«አይደለሁም፤ እኔ የተሸነፍኩት ነኝ» አሏት። «ዕጩው የምራቴ አባት ነው። ብዙ ጊዜ አብሬው ሠርቻለሁ፤ ግትር ነው፣ ግን አይዋሽም።»

ሮላንድ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ወደ ምክር ቤት ገቡ። በዚያው ቀን ሕጉም በሕዝብ ድምፅ አለፈ፤ ኋላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተቱ ባይቀርም። ውጤቱ ሲነገር የኤመትና የዴልፊን ቤት በሰው ተጨናንቋል። ሁለቱ አባቶች ሬዲዮው ሥር ተቀምጠው፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሃርላን መወዳደር አለባቸው ወይስ የለባቸውም በሚል ይከራከራሉ።

«ተወዳደር» ይላሉ ሮላንድ። «ማንን ፈራህ?»

ዴልፊን ጭንቅላቷን ኤመት ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ትሰማቸዋለች። ኤመት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ማንን ትመርጫለሽ?» አላት።

«ሁለቱንም» አለች። «ቅደም ተከተሉን ግን ላንተም አልነግርህም።»