ሃያኛዋ ድንጋይ

ነገሩ የሃያ ሊትር ውሃ ነገር ነበር። ሃያ ሊትር ማለት አንድ ጀሪካን ሙሉ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያ አያንስም።

ወለላ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቢጫ ጀሪካን፣ ሁለት ፈጣን እግሮችና አንድ ነጭ ቀሚስ አላት።

ቀሚሱ ግን ደረቱ ላይ ትልቅ የሽሮ ጠብታ አለበት። ነገ ደግሞ ሆሣዕና ነው፤ ወለላ ከልጆች ጋር ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች።

«ዛሬ ውሃ ካገኘን አጥብልሻለሁ» አለቻት እናቷ። «ካላገኘን ግን እንዳለ ትለብሽዋለሽ።»

በጉብታ ሰፈር ውሃ ቤት ድረስ አይመጣም። ሰዉ ሁሉ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነው፤ ከሰፈሩ ቧንቧ።

ወለላ ግን ወደ ቦኖው ከመሄዷ በፊት አንድ ሥራ አላት። ጠዋት ጠዋት ከአባቷ ጋር ወንጌል ታነባለች፤ በቀን አንድ መስመር ብቻ፣ በጣቷ እየተከተለች።

የዛሬው መስመር ኢየሱስ ያስተማረው ነው። ሰው እንዲያደርግልሽ የምትወጂውን ነገር፣ አንቺም ለሰው አድርጊ ይላል።

«ገባሽ?» አላት አባቷ።

«ገባኝ! ይሄማ ቀላል ነው!» አለች ወለላ። ጀሪካኗን አንሥታ ሮጠች። ኳ! ኳ! ኳ!

ቦኖው ጋ ረጅም ሰልፍ አለ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የተሰለፉት ጀሪካኖቹ ናቸው።

ጀሪካኑን ያልያዘ ሰው ድንጋይ ያስቀምጣል። በጉብታ ሰፈር ድንጋይህ ተሰለፈ ማለት አንተ ተሰለፍክ ማለት ነው።

ወለላ ስትደርስ፣ እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እትዬ አስካለ የወለላ ጎረቤት ናቸው።

«ይቺ ድንጋይ እኔ ነኝ» አሏት እየሳቁ። «አራሷን አይቼ፣ ጀሪካኔን ይዤ እመጣለሁ። ሰልፉ ሲሄድ በእግርሽ ገፋ አድርጊልኝ፣ አደራ!»

አራሷ የእትዬ አስካለ ልጅ ናት። ከወለደች ስድስት ቀኗ ነው፤ ሕፃኗ የወለላን ክንድ ብታክል ነው።

«እሺ፣ እትዬ!» አለች ወለላ። ጀሪካኗንም ከድንጋይዋ ኋላ አስቀመጠች።

የቦኖው ጠባቂ ጋሽ ይርዳው መጡ። ቁልፍ አላቸው፣ የውሃ ጎማ አላቸው፣ ትልቅ ድምፅም አላቸው።

የውሃውን ታንከር በዱላቸው መቱት። ድም! ድም! ድም! ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ስሙ! የዛሬው ውሃ ለሃያ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው! ሃያ ብያለሁ! ለቀረው ሰኞ!»

ወለላ ከፊት ጀምራ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ…

ሃያኛዋ የእትዬ አስካለ ድንጋይ ናት። ሃያ አንደኛው የወለላ ጀሪካን ነው።

እንደገና ቆጠረች። ከኋላ ወደ ፊትም ቆጠረች። ቁጥሩ ያው ነው።

ጋሽ ይርዳው ጎማውን የመጀመሪያው ጀሪካን ውስጥ ከተቱት። ዶ–ዶ–ዶ–ዶ–ዶ… ቡልቅ!

«አንድ ሞላ! ወደ ፊት!»

ሁሉም ጀሪካኑን ገፋ። ወለላም ድንጋይዋን በእግሯ ገፋች፤ ከዚያ የራሷን ጀሪካን ገፋች።

ዶ–ዶ–ዶ–ዶ–ዶ… ቡልቅ! «ሁለት ሞላ! ወደ ፊት!»

ድንጋይዋን ገፋ አደረገች። ጀሪካኑን ገፋ አደረገች።

እስከ ዘጠኝ ድረስ እንዲህ ገፋች። ከዚያ ነጩ ቀሚስ ትዝ አላት፤ ሽሮውም ትዝ አላት።

«አሥር ሞላ! ወደ ፊት!»

ወለላ ግራና ቀኝ አየች። ማንም አያያትም።

ድንጋይዋን አልገፋችም። ጀሪካኗን ብቻ ገፋች፤ ጀሪካኑ በድንጋይዋ አጠገብ አለፈ።

አሁን ሃያኛው የወለላ ጀሪካን ነው። ድንጋይዋ ከኋላ ብቻዋን ቀረች።

«እኔ ድንጋይዋን አልነካኋትም» አለች ወለላ በልቧ። «የራሴን ጀሪካን ነው የገፋሁት።»

ልቧ ግን ዝም አላለም። ድው! ድው! ድው!

«አሥራ አምስት ሞላ! ወደ ፊት!»

እትዬ አስካለ ሰማያዊ ጀሪካን ይዘው እያለከለኩ መጡ። ሰልፉን አዩ። ድንጋያቸውን አዩ።

«እንዴ! ከፊትሽ አልነበርኩም እንዴ፣ ልጄ?»

ወለላ የገዛ እግሮቿን አየች። «እኔንጃ» አለች።

ከወለላ ፊት የተሰለፈው ባለ ሻይ ቤቱ ገዛኸኝ ነው። ዞር አለና ሳቀ። «እትዬ፣ ድንጋይዎ ደክሟት አረፍ ብላ ይሆናላ!»

«እኔው ተሳስቼ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «እንቅልፍ ካየሁ ስድስት ቀኔ። ምኑን አውቀዋለሁ?»

ሰማያዊውን ጀሪካን ድንጋይዋ አጠገብ አስቀመጡና ተቀመጡበት። «ሕፃኗ ዛሬ አልታጠበችም» አሉ ቀስ ብለው። «ለአራሷም አጥሚት የምሠራበት ጠብታ የለኝ።»

ዶ–ዶ–ዶ–ዶ–ዶ… ቡልቅ! «አሥራ ስድስት ሞላ! ወደ ፊት!»

ወለላ ላለመስማት የነገውን መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረች። መዝሙሩ ውስጥ ግን የኢየሱስ ስም አለ፤ እዚያ ስትደርስ ድምፅ አልወጣ አላት።

«አሥራ ሰባት ሞላ! ወደ ፊት!»

«ግማሹን እሰጣቸዋለሁ» ብላ አሰበች። «አሥር ለእሳቸው፣ አሥር ለእኔ። እሳቸውም ያመሰግኑኛል!»

ግን ውሃው መቼ የእሷ ሆነና ነው የምትሰጠው? ሃያውም ሊትር የእትዬ አስካለ ነው።

«አሥራ ስምንት ሞላ! ወደ ፊት!»

«ያቺ ድንጋይ የእኔ ብትሆንስ?» አለች ወለላ በልቧ። «እትዬ አስካለ ትተዋት እንዲያልፉ እወዳለሁ? አልወድም።»

የጠዋቱ መስመር መጣባት። ጠዋት ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ከሙሉ ጀሪካን ይከብዳል።

«አሥራ ዘጠኝ ሞላ!» ገዛኸኝ ጀሪካኑን ጎተተ። ተራው የወለላ ሆነ።

ጋሽ ይርዳው ጎማውን ቢጫው ጀሪካን ውስጥ ከተቱት። «ይቺ የመጨረሻዋ ናት!» አሉ። ዶ–ዶ–ዶ–ዶ…

ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ከጀሪካኑ እግር ወደ ጀሪካኑ ሆድ ደረሰ።

«ያቁሙ!» ብላ ጮኸች ወለላ። «ጋሽ ይርዳው፣ ያቁሙት!»

«ምን ነካሽ? ውሃ ይፈስብኛል!»

«ሃያኛዋ እኔ አይደለሁም! ሃያኛዋ እትዬ አስካለ ናቸው። አደራ ያሉኝን ድንጋያቸውን ትቼ አለፍኩ። አውቄ ነው ያደረግኩት!»

ጋሽ ይርዳው ቧንቧውን ዘጉት።

ገዛኸኝ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። «አዬ ጉድ!» አለ። «እኔ ደግሞ በእሳቸው ስስቅ!»

ጋሽ ይርዳው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «አደራ ተብለሽ?» አሏት። ድምፃቸው አሁን ትልቅ አይደለም፤ ያ ግን ይበልጥ ያስፈራል።

እትዬ አስካለ ከጀሪካናቸው ተነሡ። «ለምን፣ ወለላ?»

«ቀሚሴ እንዲታጠብልኝ።» እንባዋ ዱብ አለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

እትዬ አስካለ ሰማያዊውን ጀሪካን አቀረቡ።

ወለላ ቢጫውን በአንድ በኩል ያዘች፤ እትዬ አስካለ በሌላው በኩል ያዙ። የተቀዳውን ውሃ ወደ ሰማያዊው ገለበጡት። ቧ–ቧ–ቧ–ቧ!

ጋሽ ይርዳው ቧንቧውን እንደገና ከፈቱት። ዶ–ዶ–ዶ… ዶ… ዶ…

ውሃው እየቀጠነ ሄደ። እንደ ጣት ሆነ፣ እንደ ክር ሆነ።

«ይበቃ ይሆን?» አለ ገዛኸኝ።

ጠብ። ጠብ። … ጠብ።

ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው የጀሪካኑ አንገት ላይ ደርሷል!

«ሃያ ሞላ!» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ወደ ፊት» ግን አላሉም፤ ታንከሩ ባዶ ነው።

ገዛኸኝ ማንም ሳያዘው ሰማያዊውን ጀሪካን ትከሻው ላይ አወጣው። «የእኔ እዚህ ይቆየኛል። እንሂድ፣ እትዬ» አለ።

ልክ ያን ጊዜ የወለላ እናት ማዘያ ገመዷን ይዛ መጣች። «ሞላልን?»

ወለላ ቢጫውን ጀሪካን ገለበጠችው። አንድ ጠብታ ወደቀ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት። የድንጋይዋን ነገር ነገረቻት፤ «እኔንጃ» ማለቷንም አልደበቀችም።

እናቷ ገመዷን እጇ ላይ ጠቀለለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዙር ጠቀለለች።

«ድንጋይዋን ትተሽ በማለፍሽ ተቆጥቻለሁ» አለች። «በጣም ተቆጥቻለሁ።»

ከዚያ ተንበርክካ እቅፍ አደረገቻት። «ተመልሰሽ እውነቱን በመናገርሽ ግን ደስ ብሎኛል። ሁለቱም እውነት ነው።»

ባዶውን ጀሪካን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ኳ… ኳ… ኳ…

በማግስቱ ሆሣዕና ሆነ። ወለላ ነጩን ቀሚስ እንዳለ ለበሰችው፤ እናቷ ሽሮውን በብሩሽ ብትፈትገው፣ ብትፈትገው፣ አልለቀቀም።

«ሽሮ! ሽሮ!» አሉ ልጆቹ። አንዱም ወሬው ደርሶት ኖሮ «ድንጋይ ዘላይዋ መጣች!» አለ።

የወለላ ጆሮዎች ጋሉ። ቢሆንም ዘንባባዋን ከፍ አድርጋ ዘመረች፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጮክ ብላ። የኢየሱስ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልቆመም።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በሩ ላይ እትዬ አስካለ ቆመዋል። ወለላ ከእናቷ ኋላ ተሸሸገች።

«ነይ» አሉ እትዬ አስካለ። «ቤት እንሂድ።»

አልሳቁም። ወለላ ግን ተከትላቸው ሄደች።

እቤት ውስጥ አራሷ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። አጠገቧ ነጭ ጥቅልል አለ፤ ጥቅልሉ ያዛጋል!

«እጅሽ ንጹሕ ነው?» አሏት እትዬ አስካለ።

«አይደለም» አለች ወለላ። «ቤታችን ውሃ የለም።»

«እኛ ቤትማ አለ!» አሉ እትዬ አስካለ። ሳቁ፤ አራሷም ሳቀች።

ከሰማያዊው ጀሪካን አንድ ኩባያ ቀድተው በወለላ እጆች ላይ አፈሰሱላት። ሽርርር! ሳሙና፣ እሽት እሽት፣ እንደገና ሽርርር!

ከዚያ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኙላት። «ጭንቅላቷን ደግፊያት» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው አጥሚቱን ሊያማስሉ ሄዱ።

ወለላ ግራ ክንዷን ከሕፃኗ ጭንቅላት ሥር አደረገች። ሕፃኗ ገላዋን ታጥባ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች።

ወለላ በቀኝ እጇ ጣቶች ሂሳቧን መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ውሃው ቀረ። ሁለት፣ ቀሚሱ አልታጠበም። ሦስት፣ ልጆቹ ሳቁብኝ።

ይሄ የጠፋው ነው። የተገኘውን ልትቆጥር አራተኛ ጣቷን ስታነሣ፣ ሕፃኗ ጣቷን በሙሉ እጇ ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት።

አጥብቃ ያዘቻት፤ አልለቅም አለች። ወለላም መቁጠሩን ተወችው።