የጥርስ ሠሪው ሞሬይ

አንድ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ለአንድ የአሳ ገንዳ አራት ጊዜ ክዳን ካስቆረጠ፣ ወይ መለካት አይችልም ወይ ሌላ ጉዳይ አለው። በአባቴ መስታወት ቤት ቆራጯ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ መለካት አይችልም ብዬ ፈረድኩበት።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከጣቶቹ ላይ የጄሶ ዱቄት አይጠፋም። ለአራተኛ ጊዜ ሲመጣ ትዕግስቴ አለቀና ምን ዓይነት አሳ ነው ክዳን እየገፋ እንዲህ የሚያመላልስህ አልኩት።

«አሳው ጥፋት የለበትም» አለ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «ሁለተኛው ክዳን በደንብ ይዞ ነበር።»

ይህን ብሎ መስታወቱን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሦስተኛውና አራተኛው ለምን እንደተቆረጡ የገባኝ እሱ መንገዱን ከተሻገረ በኋላ ነው። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ መስታወት አበላሸሁ፣ አባቴም ተቆጣኝ።

በሳምንቱ ገንዳውን ለማየት ቤቱ ሄድኩ። አንድ ክፍል ናት፤ በአንዱ ግድግዳ የጥርስ መሥሪያ ጠረጴዛው፣ በሌላው ከዳር እስከ ዳር ገንዳው። ከድንጋዮቹ መካከል ከተጋደመ ቱቦ ውስጥ እንደ ክንዴ የወፈረ፣ ቡናማ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨበት ነገር ራሱን አወጣና አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ቀልቤ ተገፈፈ። እባብ ነው ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

«እባብ አይደሉም፤ ሞሬይ የሚባሉ የባህር አሳ ናቸው። ተቆጥተውም አይደለም፣ እየተነፈሱ ነው።»

«ማናቸው?»

«ጋሼ» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ያ ዝምተኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ጋሼ ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ሰውንም ምግብንም የሚለዩት በጠረን ነው። ስለዚህ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ቁራጭ አሳ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ አቀረበላቸው። እሳቸውም ሳይቸኩሉ አሽትተው፣ ቀመስ አድርገው፣ ድንገት ላፍ አደረጉት። ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ እንዳለ፣ የፊቱ ሲይዝ የኋላው ወደ ውስጥ እንደሚስብ አስረዳኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ ሲሠራ እንዲህ ያለ ሥራ አላየም። ይህን ሲል ስለ ጌታው እንደሚያወራ ተለማማጅ ነበር። እኔም አሳውን ትቼ እሱን አየሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለሥራ አሥር ቀን ሲሄድ ቁልፉን ሰጠኝ። ገንዳው በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ስለሚጎድል ንጹህ ውሃ ጨምሪበት ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አዋቂ ነኝ፤ የባህር አሳ መቼም ጨው አይጠላም ብዬ በየቀኑ ጨው እየበጠበጥኩ ጨመርኩ። ሲመለስ ጋሼ ከቱቦው አልወጡም፣ ምግብም አልነኩ። የውሃውን ጨው ለካና ተቀመጠ። እስኪጮህብኝ ጠበቅሁ።

«ውሃው ነው የሚተነው እንጂ ጨው አይተንም» አለኝ። «እኔም የመጀመሪያ ጊዜ ይህንኑ ሠርቻለሁ።»

ጨዋማውን ውሃ በኩባያ እየቀዳን በንጹህ ውሃ ስንተካ ሁለት ቀን ፈጀብን። ባንዴ ከተለወጠ ይጎዳቸዋል ብሎ አንድ ኩባያ እንኳ አላስቸኮለኝም። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ራሳቸውን ብቅ ሲያደርጉ እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። ይህን ሰው እንደምወደው ያን ቀን አወቅሁ። ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም፣ ወዲያው ነገርኩት።

ልንጋባ መሆኑንና ስለ ጋሼ ስነግረው ግን አባቴ አሻፈረኝ አለ። በልጅነቱ እባብ ነድፎት ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አሳ ነው ብዬ ብምል ብገዘት አልሰማኝም። ጥርስ ሠሪውን አስጠርቶ ወይ እሱን ወይ ልጄን ምረጥ ሲል ቁርጡን ነገረው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ስሄድ ገንዳው ባዶ ነበር። እሱን ጋሼ ያሉበትን ትልቅ ባልዲ ሲከድን አገኘሁት። ጋሼን አንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያው ገንዳ ሊወስዳቸው ነው። ለአንቺ ስል ነው አለኝ። ቱግ አልኩ።

«ጋሼ ከአንተ ጋር ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ዘጠኝ።»

«እኔ ዓመትም አልሞላኝ። ዛሬ እሳቸውን ለአባቴ ቁጣ ከሰጠህ፣ ነገ እኔን ለማን ቁጣ ልትሰጠኝ ነው?»

 

«ከአባትሽ ላጣላሽ አልፈልግም» አለ፣ ዓይኑን ከክዳኑ ሳያነሳ።

«እኔም የወደድኩትን ሰው ሌላ ሰው አድርጌ ማግባት አልፈልግም።»

የባልዲውን እጀታ በአንድ በኩል ያዝኩ፤ ከበደኝ። ትንሽ ካየኝ በኋላ በሌላው በኩል ያዘ። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ምን እንደጫንን ሲጠይቅ ጋሼ ናቸው አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።

ባልዲውን መስታወት ቤቱ ውስጥ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ክዳኑን ከፈት ስናደርግ አባቴ ማስመሪያውን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አንሺልኝ አለ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ጥርስ ሠሪው ቀደመኝ።

«አባባ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። እሳቸውንም አልጥልም። ዛሬ ቢያባርሩኝ ነገም እመጣለሁ።»

በሕይወቱ እንዲህ ጮክ ብሎ የተናገረ አይመስለኝም። ኮራሁበት።

 አባቴ አንድ እርምጃ ቀረበ፣ ሌላ ደገመ፣ መነጽሩን አደረገና ወደ ባልዲው አዘነበለ።

«ነክሶህ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አሳ በነካ እጄ ገንዳ አጸዳሁ።» የአውራ ጣቱን ጠባሳ አሳየው።

«ከዚያም አልጣልከውም?»

«አልጣልኳቸውም።»

አባቴ ጠባሳውን አየ፣ ሰውየውን አየ። ከዚያ እኔን አየኝና ዓይኑን ቶሎ መለሰ።

«ስንት ዓመት ይኖራሉ?»

«በደንብ ከተያዙ ሃያም ያልፋሉ።»

መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጫፍ ይወለውል ጀመር።

«እንግዲያው» አለ፣ ቀና ሳይል፣ «ልጆቻችሁ እዚህ ውሃ ውስጥ ጣታቸውን እንዳይከቱ ከአሁኑ አስቡበት።»