ያላለቀው ስፌት

አዴ ሳፊያ ከፎቁ ክፍል በሚያወርደው ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት ሐሙስ ጠዋት ነው። ያገኟቸው ጎረቤታቸው አዴ ዐይሻ ናቸው። ቤቱ ከኤረር በር ወደ ውስጥ በሚገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ገላነሽ ስትደርስ አለቃዋ ኮማንደር ኤልሳዕ ቀድሟት ነበር። ሳጅን ደረጀም ስልኩን ይዞ አጠገቡ ቆሟል።

«ወድቀው ነው» አለ ኮማንደሩ። «ደረጃው አሮጌ ነው። ዘመዶቻቸው ከዙህር ሶላት በፊት ሊቀብሩ ይፈልጋሉ። ደረጀ፣ ሕዝቡ ከኛ ይስማ፤ ጻፍ።»

የጣቢያውን የቴሌግራም ገጽ የሚይዘው ደረጀ ነው፤ ገላነሽም መክፈቻው አላት። ውሃ የሚቋረጥበት ቀን፣ የጠፋ ልጅ፣ የተያዘ ሌባ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። የከተማው ግማሽ ይከታተለዋል። ወዲያው ጻፈ፦ «አንዲት እናት ከደረጃ ወድቀው አርፈዋል። አሮጌ ደረጃ ያላችሁ ተጠንቀቁ።»

ገላነሽ የሟቿን እግር እያየች ነበር። ሰንደል ጫማቸው ጠፍሩ እንደታሰረ ነው። በዚህ ቤት ጫማ ከደጃፍ አያልፍም። ከደጃፉ እስከ ደረጃው ድረስ ምንጣፉ ላይ ሁለት ቀጭን የአፈር መስመሮች አሉ።

«ኮማንደር፣ ይህን ይዩ» አለች።

«አየሁ። አስክሬን አናጉላላ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትከራከር ነበር። ዛሬ ግን የሰጠችውን ቃል አሰበች። ከዐሥር ቀን በፊት ጣቢያ መጥተው ጠርተዋት፣ እዚሁ ቤት ተቀምጣ ለአዴ ሳፊያ ቃል ሰጥታለች። ሴትዮዋ ከከተማው ግንብ ሥር ባለ ባዶ መጋዘን የተሰረቁ ሦስት የጥንት ቁርዓኖች ተደብቀው እንዳሉ ነግረዋት ነበር።

«ስምዎ አይወጣም» ብላቸዋለች።

ስማቸው አልወጣም። ፎቷቸው ግን ወጣ። ቁርዓኖቹ በተገኙ ማግሥት ደረጀ ገጹ ላይ «ለጥቆማው እናመሰግናለን» ብሎ ሊለጥፍ ፈለገ። ቤታቸው ሄዶ ፎቶ አነሳቸው። ፊታቸውን በጥቁር ሸፈነና ለገላነሽ አሳያት። አየችው። «ልቀቀው» አለች።

ከቀብሩ በፊት አዴ ዐይሻን ለብቻቸው አገኘቻቸው። እጃቸው ገና እርጥብ ነበር፤ አስክሬኑን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ናቸው።

«ምን አዩ፣ አዴ?»

«ክንዷ ላይ የጣት ምልክት። በግራም በቀኝም።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «ለማን? ለእናንተ?»

ገላነሽ ደብተሯን አወጣች። ጎረቤቶች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ላይ ያዩዋቸውን ሁለት ሰዎች ስም ጻፈችና ወጣች።

አንዱ ነስሮ ነው፤ ሸዋ በር አጠገብ የቆየ ዕቃ ይሸጣል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አቦ ኢንስፔክተር! መጽሐፍ በጠፋ ቁጥር ወደ እኔ ነው? እኔኮ ፊደል ከቆጠርኩ ቆየሁ።»

«ረቡዕ እዚያ ሰፈር ምን ፈለግህ?»

«የስንደዶ ስፌት ልገዛ። አዴ ሳፊያ ስንት ዓመት ለመንኳት፤ ግድግዳዋን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስጠራ አልከፈተችም፤ ተመለስኩ።»

«የኛን ገጽ ትከታተላለህ?»

«ከዜና ይሻላል። ያቺን ፊቷ የጠቆረውን ሴትዮ አይቻለሁ። ከጀርባዋ ግማሹ ያልተሰፋ ስፌት ነበር። ማን ነው ያላለቀ ስፌት የሚሰቅል ብዬ ስቄያለሁ። የማን ቤት ነው?»

ገላነሽ ፊቱን መረመረችው። ነስሮ የጠየቀው ከልቡ ነበር።

ሁለተኛው ማሒር ነው፤ የአዴ ሳፊያ የወንድም ልጅ፣ በእጃቸው ያደገ፣ አሁን ጨርቅ ነጋዴ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ከአክስቴ ተኳርፈን ነበር» አለ። «ዓመት አለፈኝ ደጇን ከረገጥኩ። ረቡዕ ወደ መስጊድ ሳልፍ አይተውኝ ይሆናል።»

«ገጻችን ላይ የወጣውን አላየህም?»

«እኔ ወሬ አልከታተልም።»

«ከቤቷ ለማስታወሻ ብትወስድ ምን ትወስዳለህ?»

ማሒር አላመነታም። «የናዝራን ስፌት። ልጇ ነበረች፤ ለኔ እህቴ ናት። ሳትጨርሰው ሞተች። ከመደቡ በላይ የተሰቀለውን እሱን እወስዳለሁ።»

ገላነሽ አመስግናው ወጣች። ወደ አዴ ዐይሻ ተመልሳ ስለ ስፌቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ከዚያ ጣቢያ ገብታ ደረጀን ያንን ፎቶ እንዴት እንዳነሳው ጠየቀችው። ሲመልስላት አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ሁሉንም በአዴ ሳፊያ ቤት ሰበሰበች። አዴ ዐይሻ፣ ነስሮና ማሒር መደቡ ላይ ተቀመጡ። ኮማንደሩና ደረጀ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«አዴ ሳፊያ ደረጃ እየወጡ አልነበረም» አለች ገላነሽ። «ጫማ አድርገው ምንጣፍ አይረግጡም። ግቢ ውስጥ ነው የሞቱት፤ ተጎትተው ገቡ። የአፈሩ መስመር የተረከዛቸው ነው። ክንዳቸውን ይዞ የናጣቸው ሰው አለ። ለነስሮ ያልከፈቱትን በር ለዚያ ሰው ከፍተዋል።»

«ማነው?» አለ ነስሮ።

«ጠቋሚዋ እሳቸው መሆናቸውን ያወቀ ሰው። እንዴት አወቀ? ከፎቶው። ፎቶው ላይ የሚታየው ጥቁር የተቀባ ፊት፣ ባዶ ግድግዳና አንድ ያላለቀ ስፌት ነው። ነስሮ ይህን ቤት በቃሉ ያውቀዋል፤ ፎቶውንም አይቷል፤ ግን ቤቱን አልለየም። ለምን? አዴ ዐይሻ፣ ያ ስፌት የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሳጥን ውስጥ» አሉ አዴ ዐይሻ። «ናዝራ ከሞተች ወዲህ አንድ ቀን ተሰቅሎ አያውቅም። ማየት አትችልም ነበር።»

«ደረጀ፣ ታዲያ ፎቶው ውስጥ እንዴት ገባ?»

ደረጀ ወደ መሬት እያየ ተናገረ። «ከመደቡ በላይ ባዶ ሚስማር ነበር። ለፎቶ እንዲያምር የሚሰቀል ነገር ጠየቅኳቸው። ከሳጥን አወጡ። ፎቶው እንዳለቀ መልሰው ቆለፉበት።»

«ስፌቱ ሚስማር ላይ የተሰቀለው ለዚያች አፍታ ብቻ ነው» አለች ገላነሽ። «ማሒር ግን ከመደቡ በላይ የተሰቀለውን አለኝ። ዓመት ሙሉ እዚህ አልገባሁም፣ ገጻችሁንም አላይም ያለ ሰው፣ ተሰቅሎ ያየው ከፎቶው ነው።»

ማሒር ለመነሳት ሞከረ። ነስሮ ክንዱን ያዘው። «ተቀመጥ አንተ፣ ዋሪያ። ትጨርስ።»

«አንድ ነገር አለ» አለች ገላነሽ። «ጥቆማውን የሰጡኝ ቀን ደባቂው ማን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። ‹መጽሐፎቹን ውሰዱ፤ ሰውየውን ለአላህ ተዉት› አሉኝ። የማያውቁ መስሎኝ ነበር። ያውቁ ነበር፣ ማሒር። ለኛ ሊሰጡህ አልፈለጉም።»

ማሒር ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ትለምነኝ ነበር» አለ። «ቁርዓን መስረቄን ለሽማግሌዎች ራስህ ተናገር አለችኝ። ያዝኳት፣ ገፋኋት። የግቢው ድንጋይ አገኛት።» ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ግን እኔ ከማን ሰማሁ? እሷ ለሰው አልተናገረችም። ከእናንተ ነው ያወቅሁት!»

ደረጀ ካቴና አጠለቀለትና ይዞት ወጣ። ኮማንደሩ ወደ ገላነሽ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መያዙ ይጻፍ። የፎቶው ነገር አይወጣም። ከወጣ ሁለተኛ ማንም አይነግረንም።»

«እውነትዎን ነው፤ አይነግረንም» አለች። ስልኳን አወጣች። ገጹን ከፍታ ቆማ ጻፈች። ኮማንደሩ እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። ለቀቀችው።

የነስሮ ኪስ ጮኸ። የኮማንደሩ ስልክም ጮኸ። ነስሮ አውጥቶ አነበበና አንገቱን ሰበረ።

«እኔ ከገጻችሁ ወጥቻለሁ» አሉ አዴ ዐይሻ። «የጻፍሽውን በአፍሽ ንገሪኝ።»

ገላነሽ አነበበች። «አዴ ሳፊያ ወድቀው አልሞቱም፤ ተገድለዋል። ምስጢር አምነውን ነበር። እኛ ግን ፎቷቸውን አወጣን። ፊት መሸፈን የሚበቃ መስሎን ነበር። እንዲለቀቅ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ኢንስፔክተር ገላነሽ ሀብተወልድ።»

አሮጊቷ ከመደቡ ተነሱ።

«ጎደሎ ነው» አሉ። «ወደ ጣቢያ እንድትሄድ ያግባባኋት እኔ ነኝ። ፈርታ ነበር። ፖሊሶቹ የታመኑ ናቸው አልኳት። ወላሂ፣ እጇን ይዤ አደረስኳት። እሱንም ጻፊ። ሰው ይወቅብኝ።»

ገላነሽ ስልኳን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«አልጽፈውም፣ አዴ» አለች። «ይህን የነገሩኝ ለኔ ነው።»