የዘጠኝ ሰዓቷ ተዋሽ

ወሰንየለሽ እንደ ወትሮዋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የከተማዋን ቤተ መጻሕፍት በር ከፈተች፤ በሰኔ እርጥበት ያበጡትን መስኮቶች በክርኗ እየገፋች ክፍሉን አናፈሰች፤ የካርድ ሣጥኖቹን አቧራ ወለወለች። ሃያ ስድስት ዓመት ያንኑ አድርጋለች። ዘንድሮ ግን ከሣጥኖቹ ጎን ሁለት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። በአንደኛው ላይ የኮሌጁ የሒሳብ አስተማሪ መምህር ይርዳው ሌሊት ሌሊት ሠርቶ በነፃ የሰጠው የመጻሕፍት መመዝገቢያና ማዋሻ ሶፍትዌር አለ። በሁለተኛው ላይ ያለውን አለቃዋ አቶ ደምሰው ከየት እንደሆነ ሳይናገር ነው ያመጣው። ሁለቱንም አንድ ወር ሞክራ፣ በመረጠችው ላይ እንድትፈርም ታዝዛለች።

«ምርጫው የእርስዎ ነው» ብሏት ነበር አቶ ደምሰው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። «ብቻ የይርዳውን ከመረጡ፣ ጡረታዎን ከወዲሁ ያስቡበት።»

ንግግሩ አንገብግቧታል። ስለዚህ የአለቃዋን ሶፍትዌር የምትነካካው እንከን ፍለጋ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አገኘች። ማንም ያላስገባው ስም ውስጡ ተቀምጧል።

ትርሲት አበራ። ዕድሜ ዘጠኝ። ከሥሩ የአንድ የእንስሳት ተረት መጽሐፍ ርእስ፣ ቀጥሎም የተዋሰችበት ሰዓት፦ ዛሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት።

ትርሲት ልጇ ነበረች። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በሰኔ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደራሽ ውሃ ወሰዳት፤ አስከሬኗ እንኳ አልተገኘም።

ወሰንየለሽ ወደ ሕፃናት ክፍል ሄደች። መጽሐፉ ከመደርደሪያው ላይ የለም፤ ግራና ቀኙ ያሉት መጻሕፍት ጀርባ ረጥቦ፣ ክፍሉ ደለልና የበሰበሰ ሣር ይሸታል። በማግሥቱ መጽሐፉን ቦታው ተመልሶ አገኘችው፤ ገጾቹ አብጠዋል፣ በየመካከላቸውም የደቀቀ አሸዋ አለ።

«የልጄን ስም አንቺ ነሽ ያስገባሽው?» አለቻት የማዋሻ መስኮቱ ላይ የምትሠራውን ወይንሸትን።

«በስመ አብ! እትዬ ወሰን፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በእርስዎ ላይ አደርጋለሁ?» ወይንሸት ዓይኗ እንባ ሞላ። እውነቷን ነበር፤ በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ዕለት አብራት የምታለቅስ እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የአንባቢዎቹ ሳልና የወንበሮቹ ሲጥሲጥታ ከርቀት የሚሰማ ያህል ይደክምና፣ ከሕፃናቱ ክፍል በኩል የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ቆይቶም እርጥብ ገጽ ቀስ ብሎ ሲገለጥ ይሰማት ጀመር። በስምንተኛው ቀን በሩ ላይ ቆማ አጮለቀች። ከትንሿ ጠረጴዛ ሥር፣ ጭቃ በለበሰው የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሁለት ትናንሽ እግሮች ነበሩ፤ ቆዳቸው ነጥቷል፣ ጥፍሮቻቸውም አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም እንዳልቆረጣቸው ተጠማዝዘው አድገዋል። ጎንበስ ብላ ፊቷን ለማየት አልደፈረችም። አልሸሸችምም።

ወሩ አለቀና ፈረመች።

መምህር ይርዳው የሰማ ዕለት እየሮጠ መጣ። «እውነቱን ይንገሩኝ እትዬ፣ የእኔው ምን ጎደለው?»

ምንም አልጎደለውም፤ ልጇ የለችበትም እንጂ። «ያኛው የተሟላ ነው» አለችው፣ ዓይኑን ሸሽታ። ይርዳው እጅ ነሥቶ ዝናቡ ውስጥ ገባ። አቶ ደምሰውም ጠርቷት፣ «ድሮም ብልህ ሴት ነዎት!» ሲላት እንደ ሬት የመረረ ምራቋን ዋጠች።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ የአባልነት ጥያቄ መጣ።

ስም፦ ፌቨን ታምሩ። ዕድሜ፦ ሰባት። ዋስ፦ ትርሲት አበራ።

ፌቨን የወይንሸት አንድያ ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እናቷ ሥራ እስክትጨርስ ድረስ ሕፃናቱ ክፍል የምትቀመጥ። ከስሟ ሥር ሁለት ምርጫዎች ነበሩ፦ አጽድቅ፣ ሰርዝ። ወሰንየለሽ «ሰርዝ» ወደሚለው ስትሄድ፣ ከታች በደቃቃ ፊደል አንድ መስመር ብቅ አለ፦ ጥያቄው ከተሰረዘ የዋሱ መዝገብ አብሮ ይሰረዛል።

ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ከሕፃናቱ ክፍል ውሃው መንጠባጠብ ጀምሯል።

«ፌቨኔ ምነው ዛሬ ዘገየች?» አለች ወይንሸት፣ በመስኮቱ ዝናቡን እያየች። «ወንዙም ሞልቷል አሉ። እትዬ ወሰን፣ ወጣ ብዬ ልቀበላት እንዴ?»

«ምን ያስጨንቅሻል የኔ ልጅ፣ ትመጣለች፤ ተቀመጪ» አለች ወሰንየለሽ፣ ለራሷም እንግዳ በሆነባት የለሰለሰ ድምፅ፣ «አጽድቅ» የሚለውን እየተጫነች።