የዝናቡ መለከት በየት በር ወጣ?

በዘገልማ መንግሥት፣ በዘር ወር መባቻ፣ ደመናዎች እንደ ልማዳቸው ከተራሮች ተነሥተው በቤተ መንግሥቱ አናት ላይ ተሰበሰቡ። ጥቂት ጠበቁ። የሚጠራቸው ቢያጡ ግን፣ ደጅ ቆሞ «ግባ» የሚለው እንዳጣ እንግዳ ተሸማቀው ተመለሱ። ሽማግሌዎች ይህን አይተው ደረታቸውን መቱ፤ እንዲህ ያለ ምልክት በአባቶቻቸውም ዘመን አልታየም ነበርና።

ደመናን የሚጠራው ከሰማይ ኮርማ ቀንድ የተሠራው ታላቁ መለከት ነጎድ ነበር። ንጉሥ አምደሐቅ በዓመት አንድ ጊዜ ይነፉታል፤ ዝናብም ይታዘዛል። ያን ዕለት ግን መለከቱ ከአዳራሹ ጠፍቶ ተገኘ።

አዳራሹ ሁለት በሮች ነበሩት። የምሥራቁን ድፋባቸው፣ የምዕራቡን ላቀው ይጠብቁ ነበር። ሁለቱ ጎበዛዝት ከአንድ ገበታ የበሉ የጦር ጓደኛሞች ነበሩ፤ ላቀው የድፋባቸውን እኅት ትርንጎን ሊያገባም የሰርጉ ጠጅ ተጥሏል። ሲጠየቁ ድፋባቸው በእኔ በር ዝንብ እንኳ አልወጣም ብሎ ማለ። ላቀውም እንዲሁ ማለ። አንዱ ሌላውን አልከሰሰም።

ረፋድ ላይ የድፋባቸው አክስት፣ ልጃችን ዋሽቶ አያውቅም አለች። የላቀው አጎት ሰምቶ፣ «ታዲያ ዋሾው ማነው?» ሲል ጠየቀ። አገሩን ያመሰው ይህ ጥያቄ ነው። እኩለ ቀን ላይ ዘመድ ከዘመድ ተኳረፈ፤ ሲመሽ ሁለቱን ዘቦች በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ እነርሱ ተፈነካከቱ። በሳምንቱ የምሥራቅ ሰዎች ኩታቸውን በቀኝ ትከሻ፣ የምዕራብ ሰዎች በግራ መጣል ጀመሩ፤ ጠላትን በስሕተት ሰላም እንዳይሉ ነው። ቀጥሎ አንድ የምሥራቅ ሽማግሌ፣ የምዕራቦች ቅድመ አያት ሞፈር ተውሶ ሳይመልስ መሞቱን አስታወሰ። ምዕራቦችም ሞፈሩ ሲሰጥ ጀምሮ የተሰበረ ነበር ብለው መለሱ። ሞፈሩን ያየ ሰው አልነበረም፤ ጦር ግን ተሳለለት። ንጉሡም ማንንም እንዳያስቀይሙ ኩታቸውን በአንገታቸው ጠምጥመው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ይፈርዱ ነበር።

የትርንጎን ሰርግ ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተው አፈረሱት። ከመለከቱ መጥፋት ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እርሷን ግን የጠየቃት የለም። እሳት ለብሳ ወደ አዳራሹ ገባች። መሬት ላይ ጅብ ጅብ የሚሸት፣ ክንድ የሚያህል ላባ ወድቆ ነበር። ሁሉም አይቶታል። ሰዉ የተጨነቀው መለከቱ በየት በር እንደ ወጣ እንጂ ማን እንደ ወሰደው ስላልነበረ፣ ያነሣው አልተገኘም። ላባውን ይዛ ንጉሡ ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣» አለች፣ «ይህ ላባ በጭጎማ ተራራ የሚኖረው የክንፋሙ ጅብ የጉርምርም ነው። ሄጄ መለከቱን አመጣለሁ፤ ካላመጣሁ አፈር ልብላ። ወንድሜና እጮኛዬም ይከተሉኝ። እነዚህ ሁለቱ እዚህ ከቀሩ የምመለስበት አገር አይኖርም።»

ንጉሡ አንገታቸውን ላላ አድርገው መረቋት።

በመንገድ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ድፋባቸው ውኃ ሲፈልግ፣ ኮዳው በላቀው እጅ እያለ፣ ለእኅቱ ይነግራታል፤ እርሷም ትነግራለች። ከአንድ የሚነድድ ወንዝ ሲደርሱ ድልድዩ ከሐረግ የተገመደ ነበር። ፊት የሄደው ከኋላ ይቆረጥብኛል ብሎ፣ ኋላ የቀረው ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ፈራ። ትርንጎ ሰልችቷት ብቻዋን ተሻገረች። ይህን ጊዜ ሁለቱም አፍረው እኩል ዘለሉበት፤ ሐረጉም ከመካከል ተበጠሰ። አንዱ የሌላውን ኩታ እንደ ጨበጠ እርሷ ካለችበት ገደል ጫፍ ተንጠለጠሉ። እርሷ ጎትታ ስታወጣቸው ከኩታዎቹ የተረፈው ለቀኝም ለግራም የሚበቃ አልነበረም።

ጉርምርም ከዋሻው ደጅ ተጋድሞ አገኙት። ቤት ያህላል፤ ክንፉ ሸብቷል። የነጎድን ቀጭን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ የመለከቱን ሰፊ አፍ ወደ ዘገልማ አዙሮ ያዳምጣል። ጎበዛዝቱ ጦር ሲመዙ ቀና እንኳ አላለም።

«ተቀመጡ፣» አለ፤ ድምፁ ድንጋይ አንከባለለ። «አርጅቼ ጆሮዬ ደንቁሮ ነው የወሰድሁት። የሰው ዘፈን እወድ ነበር። ከወሰድሁት ወዲህ የምሰማው ግን ስለ አንድ ሞፈር የሚወርድ ስድብ ብቻ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።»

ትርንጎ በየት በር እንደ ወጣ ጠየቀችው። ጅቡ ተገረመ። ክንፍ ያለው ፍጡር በር ምን ያደርግለታል? የገባውም የወጣውም በጣሪያው፣ ከምሰሶው አጠገብ ሣሩ በሳሳበት በኩል ነው።

ድፋባቸውና ላቀው መሬት መሬት አዩ።

ጉርምርም መለከቱን ሊመልስ ፈቀደ፤ ነገር ግን በምትኩ የአንድ ሰው መስማት እንዲሰጠው ጠየቀ። ድፋባቸው «እኔ እሰጣለሁ» ሲል ላቀው ገፍትሮት «እኔ ነኝ» አለ። ከስንት ቀን በኋላ ፊት ለፊት መነጋገራቸው ነበር፤ ወዲያውም ተጣሉ። አንዱ ያንተ እናት በዕድሜ የገፋች ናት ሲል፣ ሌላው አንተማ ዘፋኝ ነህ ይላል። ክርክሩ ሞቆ ሳለ ዘወር ቢሉ፣ ትርንጎ በጅቡ አፍ ሥር ተንበርክካለች። ጉርምርም በጆሮዎቿ ውስጥ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ላቀው ስሟን ጮኾ ጠራ፤ አልዞረችም። ድፋባቸው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እርሷ መለከቱን አንሥታ ከፊታቸው ቁልቁል መንገድ ጀመረች።

ድልድይ የሌለውን ወንዝ በሩቅ ዞረው ሲመለሱ፣ በዘገልማ አደባባይ ንጉሡ ነጎድን ነፉ። ደመናው ሮጦ መጣ፤ ዝናቡም የቀኙንም የግራውንም ኩታ እኩል አበሰበሰ። ሕዝቡ ጨፈረ። ትርንጎ ያን ሁሉ የምታየው አፍና እግር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር፤ ላቀው እጇን አልለቀቀም።

ከዚያ ንጉሡ ሌባው በየት በር እንደ ወጣ ጠየቁ። ድፋባቸው በጣሪያው መሆኑን ተናገረ። ብዙዎች ጦራቸውን ከኋላቸው ደበቁ። ሊበተኑ ሲሉ ግን፣ ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ «ጣሪያውን ይጠብቅ የነበረው ማነው?» አለ።

ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጣሪያ ከዳኞቹ ሰፈር የመጡት ቀስ ብለው ወደ አንድ ጥግ ተጠጋጉ፤ ሣር አጫጆቹም ወደ ሌላው። አንዲት አክስት አፏን ልትከፍት ነው።

ላቀውና ድፋባቸው ይህን አዩ። ሳይማከሩ እኩል ወደ ፊት ወጡ።

«ጣሪያውም የእኛ ነበር፣» አለ ድፋባቸው። «አዳራሹን ከእነ ክዳኑ ነው የተረከብነው።»

«የሁለታችንም ጥፋት ነው፣» አለ ላቀው። «ሌላ የሚጠየቅ የለም።»

ንጉሡም ነገሩ ገባቸው። ሕግ ሕግ ነውና ከዘብነት ሽረው የበቅሎዎች ጋጣ ጠራጊ አደረጓቸው፤ ጋሻቸውንም ንጉሡ በገዛ እጃቸው ተቀበሉ። አክስቲቱ አፏን መልሳ ገጠመች።

ትርንጎ ንግግሩን አልሰማችም። ያየችው ወንድሟና እጮኛዋ ጎን ለጎን ቆመው፣ ንጉሡም ጋሻቸውን በክብር ሲቀበሏቸው ነው። ሌላ የተሻለ ጋሻ ሊሸልሟቸው መሰላት። ራሷ የማትሰማውን እልልታ ረጅም አድርጋ ለቀቀችው።

ማንም አልሳቀም። እልልታ ሲወጣ ዝም ማለት ደግሞ በዘገልማ ነውር ነው። መጀመሪያ የምሥራቅ ሴቶች፣ ትንሽ ቆይተው የምዕራብ ሴቶች ተቀበሏት፤ ሁለቱ የተሻሩ ዘቦችም በዝናቡ ውስጥ በመካከላቸው አድርገዋት ወደ በቅሎዎቹ ጋጣ ሄዱ።